አሜን ያልንበት አውቶቡስ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወርቅአየሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? የጎባ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? ያ በክረምት የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ማረህ? እትዬ አጸደስ እንዴት ናት፣ የዓይኗ ነገር ምን ደረሰ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ጤናችን ደህና ነው፤ የሞያሌ አቧራና የእኔ ንዴት ካልተቆጠሩ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ምንም አልሆንንም።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ተቆጥቼ ዘግቼብሃለሁ። ይቅር በለኝ። በወረቀት ሲሆን እንኳ አፌ አይቀድመኝም ብዬ ነው። ለሮዛ የትምህርት ቤት ክፍያ አግዘኝ ብልህ፣ የኬንያ መንግሥት በነፃ ያስተምራል ይባላል፣ ደግሞ ምን ክፍያ አመጣሽ አልከኝ። ጋሼ፣ ይህ ቃልህ አንጀቴን አሳረረው። ሱቄ ቢከስርብኝ በልጄ ስም የምለምን መሰለህ? ይብስ የሚያናድደኝ ደግሞ ጥያቄህ ትክክል መሆኑ ነው። እኔም እሱኑ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት።

እዚህ የትምህርት ቤት ክፍያ ካሮ ይባላል። ካሮ ማለት እንደ ገበያ ቲማቲም ነው፣ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ። የምሳ አለ፣ የፈተና ወረቀት አለ፣ የዘበኛ አለ። የተጻፈ ዝርዝር አሳዩን ስንል ቢሮ ጠይቁ ይሉናል፤ ቢሮ ስንሄድ በልጆቹ እጅ ልከናል ይሉናል። ለእኔ የተነገረኝ ለጎረቤቴ ከተነገራት ጋር ገጥሞ አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ የአውቶቡስ ተብሎ በየልጁ አራት ሺህ አምስት መቶ ሽልንግ መጣ። አውቶቡስ ግን የለም። ቢኖርስ፣ ሮዛ ከቤት ወጥታ የጣድኩት ሽሮ ሳይፈላ ክፍሏ ትደርሳለች፣ ምን ሊያደርግላት? ያልከፈለ አይገባም ብለው ከበር መለሷት። የመጨረሻ ዓመቷ መሆኑን ታውቃለህ። ፈተናዋ ደጅ ቆሞ ልጄ አሥር ቀን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ሳሙና ስትደረድር ከረመች።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ማማ ሮዛ፣ እናንተው ያጸደቃችሁትን ነው የምንሰበስበው አለኝ። መቼ? ማን? ጸሐፊዋ ጆይስ ቃለ ጉባኤውን አውጥታ አነበበችልኝ፤ የአውቶቡስ ጉዳይ ቀርቦ ወላጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ ተቀብለዋል ይላል። ከዚያ ነገሩ ሲገለጥልኝ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

በግንቦቱ ስብሰባ ርዕሰ መምህሩ አውቶቡስ ቢኖረን እንዴት ጥሩ ነበር ብሎ ነበር። ስለ ክፍያ ግን ትንፍሽ አላለም። እንደምታውቀው እዚህ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይዘጋም። ኦቦ ሀላቄ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ተነስተው በኦሮምኛ መረቁን። ዝናቡ ይዝነብ ሲሉ አሜን፣ ከብቱ ይጥገብ ሲሉ አሜን፣ የልጆቹ አውቶቡስ ይምጣ ሲሉ አሜን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ፣ ምርቃት ላይ ማን አፉን ይዘጋል? ከሁሉ አብልጬ የጮህኩት ደግሞ እኔ እህትህ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው! ጆይስ የደጋ ኬንያ ልጅ ናት፣ ኦሮምኛ አትሰማም፤ ስለ አውቶቡስ ተወርቶ አዳራሹ በሙሉ አሜን ሲል ተስማሙ ብላ ጻፈች። በእሷ አልፈርድም። የምፈርደው አንብቦ በፈረመውና ክፍያ ባወጣበት ርዕሰ መምህር ላይ ነው። እሱ እዚህ አሥር ዓመት ኖሯል፣ አሜናችን ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

እኛ ዘንድ አድራ የምትማረው የኢክራን አባት ከሞያሌ በታች ያለው ቆላ፣ የጎልቦ ሰው ነው። ወተት የምትሰጠውን ፍየሉን ሸጦ ከፈለ። ደረሰኙን አየሁት፣ «ልዩ ልዩ» ይላል። ሰውዬው ማንበብ አይችልም፣ አጣጥፎ ከመታወቂያው ጋር ይዞታል።

ያኔ የተሰደድንበት የዋልዳ ካምፕ ትዝ አለኝ። በስደተኛ ድንኳን ስታስተምረን ክፍያችን በተራ አንድ ጄሪካን ውሃ ነበር። የእርዳታ ዘይት ካርቶን ቀደህ የማን ተራ እንደሆነና ውሃው ለምን እንደዋለ ጽፈህ ምሰሶው ላይ ትሰቅል ነበር። አብሮን የተሰደደው የሻለቃው ልጅም እኔም እኩል ተጽፈናል። አንድ ቀን ዝለለኝ ብዬ አልቅሼብህ እንኳ ስሜን አልሰረዝክልኝም። በጊዜው ጠልቼህ ነበር፣ አሁን ልንገርህ።

እኔም የሳሙና ካርቶን ቀደድኩ። ክፍያው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንዳጸደቀው እያልኩ የማውቀውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ሮዛ በስዋሂሊ፣ ኢክራን በኦሮምኛ ጨመሩበት። ከአውቶቡሱ ጎን ያጸደቀው ሰው ቦታ ባዶ ቀረ። ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ይዤው ገባሁና ፊት ለፊት አቆምኩት። የአውቶቡሱን ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ስለ ጊዜ እጥረት አወራና ስብሰባውን ሊዘጋ ኦቦ ሀላቄን ይመርቁን አላቸው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ምርቃቴን ዋጋ ለጥፋችሁ ለድሃ ሸጣችሁት፣ ያ ባዶ ቦታ ሳይሞላ አፌን አልከፍትም አሉ። ካልተመረቀ ደግሞ የሚነሳ ሰው የለም። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ተፋጠን ተቀመጥን። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ፣ ነገሩ እስኪጣራ ልጆቹ ይግቡ አለና ወጣ። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንመረቅ ተበተንን።

ሮዛ ረቡዕ ክፍሏ ገባች። የጎልቦው ሰው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ካርቶኑንም ከስብሰባው በኋላ ከሰቀልኩበት ከትምህርት ቤቱ በር ሁለት ጊዜ አውርደውታል፣ ሦስተኛውን ትናንት ሰቅያለሁ። ባለሱቅ ነኝ፣ ካርቶን እንደሆነ አላጣም። አንተም ገንዘብ አትላክልኝ። ያቺን ምን ክፍያ አመጣሽ ያልከኝን ጥያቄ ብቻ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍህ በትልቁ ጽፈህ ላክልኝ፣ ከካርቶኑ አናት እለጥፋታለሁ።

እትዬ አጸደን ዓይንሽን ስማለች በላት። ሰብለን ጉንጯን፣ ቶማስን ግንባሩን ሳምልኝ፣ እሱማ አሁን ረዝሞ አይደረስበትም ይሆናል። ሮዛና ኢክራን እጅ ነስተዋል። ኦቦ ሀላቄም የካርቶኑን መምህር ሰላም በይልኝ ብለዋል። መርቁልኝ ብላቸው ግን የዚያ ሰው የፍየል ዋጋ ሳይመለስ ለማንም አልመርቅም አሉኝ፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ያለ ምርቃት ይድረስህ።

ታናሽ እህትህ ብርቅነሽ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.