ሥራ የወጡት ቅርሶች

ለምወድሽ ልጄ ለምሥራቅ፣ ሐዋሳ ይድረስሽ። ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አባትሽ፣ ሥላሴ ይመስገኑ፣ በጣም ደኅና ነኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሙዚየም አለቀ። እኛ በጎ ፈቃደኞች ድንጋዩን ከወንዝ ተሸክመን የሠራነው ነው። እኔንስ ከእኩሌታው ወዲያ «እርስዎ ቁጭ ብለው በር ይጠብቁልን» አሉኝ።

ለጥር ሥላሴ ንግሥ እንግዶች ከቡሬ መጡ። በኩራት ብከፍትላቸው መደርደሪያው ባዶ ነው። ካህናቱ መስቀሉንም፣ ጸናጽሉንም፣ አሮጌውን ከበሮም ለበዓሉ ወስደዋቸዋል።

«አባት፣ ቅርሱ የታለ?» አሉኝ።

«ሥራ ወጥቷል» አልኋቸው። እየሳቅን ተያይዘን ወደ ዝማሬው ሄድን። እልልታው ልብ ያጠግብ ነበር።

ከበሮውን ዘንድሮ ጎረቤታችን ስመኘው መታው። ሃያ ዓመት የመታሁት እኔ ነበርሁና ቀንቼ ይሆን ብዬ ራሴን መረመርሁ። አልቀናሁም። አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ዐቀበት ሦስት ጊዜ አርፌ ስለምወጣው፣ ከበሮ ተሸክሜማ አልዘልቀውም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ግን ልጆቹን ይዘሽ ጾሙ ሳይገባ ብትመጪስ? ፋሲካ ዘንድሮ ሩቅ ሆነብኝ።

ሥላሴ በደኅና ያገናኙን።

አባትሽ ሀብተሚካኤል፣ ከፍኖተ ሰላም