ከሕፃናት ጋር ድልድይ ለመሻገር ስለተሰጡን አሥራ ሁለት ምክሮች

ለተከበሩ አቶ ዋልተር ፕሬንቲስ፣ የወንዛችን ድልድይ ኬላ የበላይ ኃላፊ

በቅድሚያ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ ያለው አበባም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከወንዙ ወዲህ ያለነው ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው ከወንዙ ወዲያ ያለችው የዘጠና አራት ዓመቷ አያቴ ክሌማንስ ናት። ዓይኗ እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ እስከ መጪው በረዶ እንኳ ታያለች ብሎ ሊምልላት አልደፈረም። እሷም የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስሟ የተሰየመችውን የሦስት ወር ልጄን ፊት አንዴ አይታ መጥገብ። እስካሁን እሑድ እሑድ ስንሄድ ሕፃኗን ገና ጨቅላ ናት ብዬ ቤት እተዋት ነበር።

ይህን የመሰለ ጉዞ ለዕድል መተው ስላልፈለግሁ፣ በኬላው በር ላይ ያስለጠፉትን «ከትናንሽ ልጆች ጋር ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ አሥራ ሁለት ምክሮች» የተባለውን ወረቀት ገልብጬ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጠፍኩና ሳምንት ሙሉ አጠናሁት። ውጭ አገር የሚባለው የአያቴ ቤት ከማእድ ቤቴ መስኮት ይታያል፤ መጋረጃዋን ስትቀይር ከጎረቤቶቿ ቀድሜ አውቃለሁ። ቢሆንም ምክር ምክር ነው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔን ግን መከራ የመከረኝ እሺ በማለቴ ነው።

አንደኛ፤ ወረቀትዎ «ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ» ይላል። ቤቴ ከድልድዩ አራት ደቂቃ ነው፤ ወረፋውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ለስድስት ሰዓት ምሳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማዶ ደርሼ፣ ከኬላው ጎን መኪናዬን አቁሜ ከሁለት ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ሌላ እሑድ እጁን አወዛውዞ የሚያሳልፈን ሠራተኛዎ ፈርናንድ፣ የአክስቴ የኢቬት ልጅና የልጄ የቴዎ ክርስትና አባት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲታገሠን ቆይቶ መጣና «ኦዴት፣ ምን ሆነሽ ነው ከጠዋት ጀምሮ አፍጥጠሽ የምታዪን?» አለኝ። ወረቀታችሁን እያከበርኩ ነው ስለው ራሱን አከከ፤ ከዚያም ኬላ ላይ ሲያፈጥ ያረፈደ ሰው ቅጽ ይሞላበታል የሚል የእርስዎ መመሪያ እንዳለ አስረዳኝ። አንዴ ቅጽ ከተከፈተ ደግሞ ዝምድና በዚያው ይዘጋል። የሕፃኗ ዳይፐር ያለቀውም በዚያን ጊዜ ነው፤ ለሁለቱም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ «ልጆች የለመዱትን ምግብ ይያዙ» ብለዋል። ልጄ የለመደው የዶሮና የድንች ቅቅል ነው፤ በድስት ያዝኩ። ዶሮዋን ባለፈው እሑድ ከጓሮዋ ይዛ የሰጠችኝ አያቴ ስለሆነች፣ ሟቿ የማዶ ተወላጅ ነበረች። ነፍስ ይዛ ስትወጣ የጠየቃት አልነበረም፤ ተቀቅላ ወደ አገሯ ስትመለስ ግን እንደ ባዕድ ከነድስቷ ተያዘች።

ሦስተኛ፤ አብሮ የማይጓዘው ወላጅ የፈረመበት፣ ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተብሏል። ይህችን ምክር፣ እውነቱን ልናገር፣ ዘልያታለሁ፤ ምክንያቱም ባሌ ሬያል የእርስዎው ድልድይ ቀለም ቀቢ ነው። መኪና የማይበዛው እሑድ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት በድልድዩ መካከል ተንበርክኮ የድንበሩን መስመር ነጭ ይቀባ ነበር። በሠርጋችን ሚዜ የነበረው ፈርናንድ «አባትየው የት ነው?» ሲለኝ በጣቴ አሳየሁት። ሬያልም ብሩሹን ከፍ አድርጎ «ፈቅጃለሁ፣ ውሰጃቸው፣ ምሳ አስቀሪልኝ» ብሎ ተጣራ። ፈርናንድ ከልቡ አዝኖ «ድምፅ ማኅተም የለውም» አለ።

ስምንቱን ልለፋቸውና፣ የመጨረሻዋ፣ ልጅዎ ለመኮንን እውነቱን ብቻ እንዲናገር ያስተምሩ የምትለው ናት። አስተምሬዋለሁ። ፈርናንድ ጎንበስ ብሎ «ቴዎዬ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ይቺ ሴትዮ ምንህ ናት?» አለው። የአምስት ዓመቱ ልጄም ጥቂት አሰበና «ጠዋት ጫማዬን አላደርግም ስላት፣ ዛሬ እናትህ አይደለሁም ብላኛለች» ሲል መለሰ። ይህም ቃል በቃል ቅጹ ላይ ሰፈረ፤ እኛም ተመለስን።

መኪናዬን ሳዞር አለቀስኩ። አያቴ መስኮቷ ሥር ሆና፣ አጥርታ የማታየውን መንገድ ስትጠብቅ ታየችኝ።

አክስቴ ኢቬት ነገሩን ስትነግራት ግን አያቴ መጠበቁን ተወችው። በዊልቸር እየተገፋች ኬላው ድረስ መጣችና የልጅ ልጇን ፈርናንድን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ «አንተ ማሙሽ፣ የስድስት ወር ልጅ ሆነህ በትኩሳት ስትነድ፣ ካፖርቴ ውስጥ ከትቼ በበረዶው ላይ ወዲያ ማዶ ሐኪም ዘንድ ሳሻግርህ፣ የማንን ደብዳቤ ይዤ ነበር?» ፈርናንድ ኮፍያውን አወለቀ። ለዚህ ቅጽ አልነበረውም።

እሷ ከወዲያ ተገፍታ፣ እኔ አክስቴ ደውላልኝ ከወዲህ በእግሬ ሄጄ፣ ድልድዩ መካከል መስመሩ ላይ ተገናኘን። ልጄን አቀበልኳት። ፊቷን ወደ ሕፃኗ ፊት አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያም «አፍንጫዋ የእኔ ነው፣ ምስኪን» አለች።

አንድ ችግር ብቻ ተፈጠረ። ሬያል ቀለሙ እንዳልደረቀ ለመናገር አፍሮ ዝም ብሎ ነበር። በዚህም የተነሣ የአያቴ ዊልቸር የድንበሩን መስመር በጎማዎቹ ይዞት ሄዷል፤ በኬላዎ ፊት አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ማእድ ቤቷ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ይቆማል። ስለዚህ በመጪው እሑድ ከልጆቼ ጋር ወደ ምሳ ስንሄድ ድንበር እንደማንሻገር በአክብሮት አሳውቃለሁ፤ በላዩ ላይ ብቻ ነው የምንራመደው።

የምክርዎን ፍሬ እስክትጠግብ የበላች፣ አክባሪዎ
ኦዴት ሚሾ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ አራት ደቂቃ ርቀት ላይ

ማሳሰቢያ፤ ድስቱ ታጥቦ ስለተመለሰልኝ አመሰግናለሁ፤ በውስጡ የተገኘችው «ጨው ያንሰዋል» የምትል ወረቀትም ማኅተም የላትም። ደግሞም በሚቀጥለው ወር አያቴ ፈርናንድን ይዛ እኛ ዘንድ ለመምጣት አስባለች፤ እሱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ለጥንቃቄ ያህል የእናቱን የፈቃድ ደብዳቤ ጠይቀን ነበር፤ አክስቴ ኢቬት «መጀመሪያ ጠባዩን ልየው» ብላለች።