ክዳኑ ላይ ያለው ዶሮ

ውድ ዌንደል፣

በመላው አላባማ እንደ እኔ አድርጎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ መላው አላባማ ይቅር፤ በማታው ክፍላችን የለም። እሱም አብሮን የሚማረው የቆሻሻ መኪና ሹፌር የቀረ ቀን ነው። ግን ይኸው፣ የሚጽፈው የራሴ እጅ ነው፣ ከማንም አልተዋስኩትም። "ውድ" ያልኩህን ደግሞ ከቁም ነገር እንዳትቆጥረው። ደብዳቤ በ"ውድ" ይጀመራል ያለችን አስተማሪያችን ሚስ ካላዌይ ናት። "የተቀየምኩት ሰው ቢሆንስ?" ብዬ ጠየቅኳት። "እሱንም መጀመሪያ ውድ በለው፣ ከዚያ የሆድህን ንገረው" አለችኝ። ገና ልጅ ናት፣ ግን ታውቅበታለች።

እንግዲህ የሆዴን ልንገርህ።

አረንጓዴው ሳጥን ትዝ ይልሃል? ጥግ ጥጉ በናስ የተለበጠው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሳጥን። ከኛ ሰፈር ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ሲገኝ ከመዘምራኑ ክፍል ይወጣና መሃል አዳራሽ ይቀመጣል። ሰዉ የተጠበሰ አሳውን እየበላ፣ ተራ በተራ እየተነሳ የአቅሙን ይከትበታል። ፎጣ፣ አንሶላ፣ ካውያ፣ ሳሙና። የከተተ ሁሉ ክዳኑ ውስጥ ስሙን ይጽፋል። ልጁ ሲመረቅ ሳጥኑን ባዶውን ያመጣዋል፣ ለሚቀጥለው ልጅ። ሌላ ሕግ የለውም።

ያንተ ተራ የደረሰ ቀን እኔ ትምህርቱን ትቼ ጎማ ፋብሪካ ከገባሁ ቆይቼ ነበር። ከደመወዜ የገዛሁትን የሚጮህ ሰዓት ይዤልህ መጣሁ፤ አንተ እንቅልፋም ነበርክ፣ ሰዓት ካልጮኸብህ ከፈተና ትቀራለህ ብዬ። ከተትኩት። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ቨርኒስ እስክርቢቶውን አቀበለችኝ።

"በል ጻፍ፣ ሮስኮ። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው።"

እስክርቢቶውን ይዤ ክዳኑ ላይ ጎንበስ አልኩ። እንደጎነበስኩ ቀረሁ። የማልጽፈው ስለማልችል እንደሆነ በዚያ አዳራሽ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ከጎኔ መጥቶ በጆሮዬ ሹክ አለኝ።

"ዶሮ ሳል።"

"ምን?"

"አውራ ዶሮ ሳል አልኩህ። የሰጠኸኝ የሚጮህ ሰዓት አይደል? ቀልድ ይመስላቸዋል።"

ሳልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እህት ቨርኒስ እንኳን፣ ያቺ ኮስታራ፣ "አንተ ልጅ መቼም አትረባ" ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። አንተ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅህ፣ ለእኔ ስትል። ያን ቀን ወንድም ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አይሆንልኝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ፊርማዬ ዶሮ ሆነ። ፋብሪካው ውስጥ ደመወዜን የምቀበለው በዶሮ ነበር። አለቃዬ "ይሄ ሰውዬ ስሙን ለኛ መጻፍ ይጠየፋል" ይል ነበር። እኔም ጉራዬን እጨምርበታለሁ፤ ጉረኛን ሰው ማንበብ አይችልም ብሎ የሚጠረጥር የለማ። ልጄ ሎሬታ ሞታ የልጅ ልጄን ዛኒያን ማሳደግ ስጀምርም የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ የምፈርመው ያንኑ ነበር። ልጅቷ በየዓመቱ ለጓደኞቿ ታሳያለች፣ "የኔን አያት ፊርማ እዩልኝ" እያለች።

አንተ ጠበቃ ሆነህ ስትመለስ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ ነጮቹ መሃል ያን ትልቅ ቤት ስትገዛ፣ ከእናትህ ቀጥሎ የፎከረው ማን መሰለህ? "በኔ ሰዓት ነው የነቃው" እያልኩ ሰፈሩን አሰለቸሁት። "ሳጥኑስ?" ሲሉኝ "ሰውየው ሥራ በዝቶበት ነው፣ ያመጣዋል" እላለሁ። ካንተ በኋላ የሄዱት ልጆች ዕቃቸውን በካርቶንና በልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ይዘው ሄዱ። እኔ ግን ዋስህ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ያ ስብሰባ መጣ።

የኮረብታው ሰዎች ከወረዳው ተነጥለን የራሳችንን ትምህርት ቤቶች እናቁም ሲሉ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እነሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ማንም እንዲህ ተቀመጡ ያለን የለም፣ እንዲሁ ነው የተቀመጥነው። የሚነጠሉበትን ካርታ ግድግዳው ላይ አሳዩን። ዛኒያ ክርኔን ጎሸም አደረገችኝ።

"አያቴ፣ መስመሩን እየው። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ምን እንዳደረገ።"

አየሁት። መስመሩ አውራ ጎዳናውን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርድና ጎማ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ክንዱን ወደኛ ዘርግቶ፣ ፋብሪካውን ታቅፎ ወደ ኮረብታው ይመለሳል። ሽታው በኛ መስኮት ይገባል፤ ትምህርት ቤት የሚያቆመው ግብሩ ግን ወደ እነሱ ሊወጣ ነው። እኔ ጉልበቴን የጨረስኩበት ፋብሪካ።

ማይክራፎኑን ላንተ ሲሰጡህ ግን ደስ አለኝ። ከኮረብታው ሰዎች መሃል ጥቁር ማለት አንተና ሚስትህ ናችሁ። ወደ ዛኒያ ዞሬ "አሁን ዝም ብለሽ ስሚ፣ ይሄ የኔ ሰው ነው። ነገሩን ያፈርሰዋል" አልኳት። ዘና ብዬ እግሬን ሁሉ አነባበርኩ።

"የዘር ጉዳይ አይደለም፣ እኔን እዩኝ" አልክ። ከፊት ያሉት ሳቁ። "የገንዘብም ጉዳይ አይደለም። እኔ እዚያ ትምህርት ቤት ተምሬበታለሁ። ከጎኔ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር። ፈርም ሲሉት ዶሮ ይስላል። እውነቴን ነው፣ አውራ ዶሮ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቱንም ያህል ገንዘብ ብታፈሱ ምን ይለወጣል? የልጅ ልጆቼን እዚያ አልልክም።"

ዶሮው ላይ ስትደርስ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የኛም ሰዎች ሳቁ፣ ማን እንደሆነ እስኪገባቸው። እህት ቨርኒስ ብቻ ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ቀረች። ዛኒያ ቀስ ብላ ዞረችና አየችኝ።

"አያቴ" አለችኝ።

ንግግርህን ጨርሰህ በመተላለፊያው ስትመጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አቀረቀርክ። አንገትህን ደፍተህ፣ ጫማህን እያየህ አልፈኸን ወጣህ። በልቤ፣ ቢያንስ አፍሯል አልኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ጠበቃው። እኔ ስሜን መጻፍ ያቃተኝ ገንዘብ በዝቶብን ነው? ነጮቹ ከኛ ጋር እንዳይማሩ ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲያወጡ ለኛ የተረፈን ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ነበር። በአንድ አስተማሪ ስር ተጨናንቀን፣ ሦስታችን በአንድ መጽሐፍ፣ እሱም መሃሉ የተገነጠለ። አስተማሪዋ እኔ ጋ ሳትደርስ ደወል ይደወላል። አንተ እንዴት አነበብክ? እናትህ እማማ ኦዴሳ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊደል ታስቆጥርህ ነበር። የኔ እናት ደግሞ የማታ ፈረቃ ነበረች፤ ታናናሾቼን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ይህንን ሁሉ ታውቃለህ። እነሱን ያሳቅህበትን ነግረህ ይሄኛውን ለምን ዋጥከው?

ድምፅ ተሰጠ፣ ተነጠላችሁ። በዓመቱ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ወደ ኮረብታው ሄደ። አልፈርድበትም፣ ደመወዙ ይሻላል፣ ልጆች አሉት። በሱ ቦታ የኳሱ አሰልጣኝ ኮምፒውተር ከፍቶላቸው ከኋላ ሳንድዊቹን እየበላ ይቀመጥ ጀመር። ቤተ ሙከራው ተቆለፈ። አሁን ለኳሱ የሚደፉት የራስ ቁርና ማሊያቸው ይቀመጥበታል።

ዛኒያ ፋርማሲስት መሆን ነው የምትፈልገው። ልጅ ሆና እንኳን የኔን የደም ግፊት ኪኒን በቀለሙ ትለይልኝ ነበር፤ እኔ ጠርሙሱ ላይ ያለውን እንደማነብ እያስመሰልኩ። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ዩኒቨርሲቲው አልተቀበላትም። ቤተ ሙከራ ያለበት ኬሚስትሪ አልወሰደችም አሏት። የት ትውሰድ? ከኛ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የተቀበሉት አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ለኳስ። ከኮረብታው የሚገቡት ግን አውቶቡስ ይሞላሉ። ያንተም የልጅ ልጅ አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ያስተማረው የኛ አስተማሪ ነው።

እኛ ደግሞ እንደምታውቀን መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አንችልም። እህት ቨርኒስ ከፋሲካ ጀምራ የዛኒያን ስም በየፎጣው ላይ በሐምራዊ ክር ስትጠልፍ ከረመች። አልተቀበልንሽም ያሉ ዕለት ፎጣው መዘምራኑ ክፍል ውስጥ እስከ መስኮቱ ተከምሮ ነበር። ዛኒያ ሄዳ አየችውና፣

"እህት ቨርኒስ፣ ክሩን ፍቺው በቃ፣ ለሌላ ልጅ ይሁን" አለቻት።

"እኔ ሰፍቼ ፈትቼ አላውቅም።"

"የትም አልሄድማ።"

"ፎጣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? አይሻግት። ይቆይሻል። ይልቅ ፊትሽን ጥረጊበት፣ አንዱ ይታጠባል።"

በነሐሴ ሞንትጎመሪ ትሄዳለች፣ ሁለት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ። እዚያ ኬሚስትሪውን ወስዳ እንደገና ታመለክታለች። ይሄ ሳጥን የሚያስወጣ አይደለም ያሉ ነበሩ። እህት ቨርኒስ ግን "ያስወጣል" አለች፣ አለቀ። ችግሩ ሳጥኑ የለም። ባለፈው ገና ቤትህ ግብዣ ላይ ስታስተናግድ የነበረች የእህቴ ልጅ አይታው መጥታ ነገረችን፤ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ላዩ ላይ መስታወት ተጭኖበት ጠረጴዛ ሆኗል። እንግዶችህ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል። ስማችን ሁሉ ከስር ታፍኖ።

ይቅርታ በል አላልኩህም። ይቅርታህ ለዛኒያ ኬሚስትሪ አይሆናትም። መስመሩንም መልስ አልልህም፣ አትችልም፣ ብትችልም አታደርገውም። ሳጥኑን መልስ። መስታወቱን አንሳና በመኪናህ ጭነህ አምጣው፣ ወይም ልጆቹን ልኬ ላስወስደው። የተሰጠህ በውሰት ነው፣ አንተ ደግሞ ውሰት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠበቃ ነህ።

ሲመጣ ክዳኑን እከፍታለሁ። ዶሮው ይኑር፣ አልፍቀውም፤ እውነቱን ለመናገር ጅራቱ አሳምሮ የወጣ ዶሮ ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንደሱ አድርጌ ስዬ አላውቅም። ከስሩ ግን ስሜን እጽፋለሁ፤ ከነአያቴ ስም፣ ክዳኑ እስኪሞላ። ከስብሰባው በኋላ እጄን ይዛ የማታው ክፍል ያስገባችኝ ዛኒያ ናት። መጀመሪያ የጻፍኩትም የሷን ስም ነው፣ የኔ ረዝሞብኝ።

ሚስ ካላዌይ ከመዝጋትህ በፊት ደብዳቤህን አንብበህ ያልሆነውን አውጣ ብላናለች። አነበብኩት። ጉራው የኔ ነው፣ ይቆይ። አንድ ነገር ግን ፈጥሬያለሁ። ላወጣው ብዬ እስክርቢቶዬን ሁለቴ አነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እዚሁ እነግርሃለሁ።

አላቀረቀርክም። አቀረቀርክ ብዬ ካልጻፍኩ ደብዳቤው አልሄድልህ ስላለኝ ነው፤ አንገትህን እኔ ነኝ የደፋሁልህ። በመተላለፊያው ስትመጣ አየኸኝ፣ ፈገግ አልክ፣ እጅህን ከፍ አደረግህልኝ። ልክ እንደ ድሮው፣ ልክ ምንም እንዳልተናገርክ።

የኔም እጅ በልማዷ ተነሳች። ይዛ ያወረደቻት ዛኒያ ናት።

ሮስኮ ፔትዌይ
በገዛ እጄ