የአራቱ ትርፍ ቤቶቼ ቁልፍ

ለተከበሩ ጓድ ጌቱ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ለስኳር ለተሰለፋችሁ ሁሉ
ጉለሌ፣ ግንቦት 1971 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደ ቀጨኔ ዳገት የጸና፣ ቢሮዎም እንደ ልማዱ ጸጥ ያለ ይሁን እያልኩ እጅ እነሣለሁ። እኔማ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኛል። ማክሰኞ የአንድ ቤት ሴት ሆኜ ቀበሌ ሄጄ የአምስት ቤት እመቤት ሆኜ ተመለስኩ፤ እንዲህ ያለ ውለታ የወለደችኝም አልዋለችልኝ።

ለሰልፈኞች ላስረዳ። ባለፈው ወር እያንዳንዱ ነዋሪ አድራሻውን ከላይ ወደ ታች፣ በእዝባር እየለየ በብጣሽ ወረቀት እንዲሞላ ታዘዘ፦ «ሊቀመንበር ጌቱ/ቤት ቁጥር 212/ሙሉእመቤት»። ባለቤቴ አቶ ደቻሳ፣ እናታቸው እማማ ሾዴ፣ ልጃችን ደራርቱና ወንድሜ ግዛቸውም እንዲሁ ሞሉ። መዝጋቢው ጓድ ጉልላት ከወረቀቶቹ፣ ሊቀመንበሩ ግንድ፣ ቤቶቹ ቅርንጫፍ፣ ነዋሪዎቹም ፍሬ የሆኑበትን የቀበሌውን ዛፍ በቢሮው ግድግዳ ላይ ሣሉ። አቤቱታዬም ይኸው፦

1ኛ. ጓድ ጉልላት አዲስ ወረቀት ባነሡ ቁጥር «ይህ ቤት ቀድሞ ተሥሏል ወይ?» ብለው ቀና ማለትን እንደ ስንፍና ስለሚቆጥሩት፣ ለእያንዳንዳችን ከግንዱ ጀምረው አዲስ ዛፍ ተከሉ። ስለዚህ ቤት ቁጥር 212 አምስት ሆኗል፤ በየቤቱም አንድ አንድ ሰው ተንጠልጥሏል።

2ኛ. በዚሁ ሥዕል መሠረት አራቱ ትርፍ ቤቶች ናቸውና ቁልፋቸውን እስከ ዓርብ እንዳስረክብ፣ አለዚያ በሩ እንደሚታሸግ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ያለኝ በር ግን አንድ ነው፤ እሱም በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ከበሩ ኋላ ደግሞ ካልጋ መነሣት የማይችሉት እማማ ሾዴ አሉ። እሳቸውንም አብረው ያሽጓቸው ይሆን?

3ኛ. አቶ ደቻሳ ሲያኮርፉ የሚሄዱበት የራሳቸው ቤት እያላቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከጎኔ መተኛታቸው አንጀቴን በልቶታል። እባክዎ ቤቱን ያሳዩአቸው። ከቀሩትም ጣራው የማያፈስ ካለ፣ ማለቴ ካላስቸገርኩ፣ እኔ ልግባበት።

ጓድ ጉልላት ግን እንዳይነኩብኝ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቤቱ ግድግዳው ላይ ካለ ሰውየውን እዚያው ማንጠልጠል፣ ከሌለ ብቻ አዲስ መሣል ነው፤ በቃ። ደራርቱ ሽንኩርት እየላጠች የደረሰችበት ነገር ነው። ያለ ሲሚንቶና ያለ ቆርቆሮ አራት ቤት ለሠራ ቢሮ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በአምስቱም ቤቴ ሆኜ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣
ሙሉእመቤት ስብሐት፣ የቤት ቁጥር 212 (ሁሉም)

ማስታወሻ፦ ዛፉ ሁሉ ከእርስዎ ስለሚጀምር፣ በግድግዳው ላይ ሊቀመንበር ጌቱን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተሥለው ቆጠርኳቸው። ለአንድ ቀበሌ አንዱ ይበቃዋልና፣ ትርፎቹን ስድስት መቶ አሥራ አንድ እስከ ዓርብ እንዲያስረክቡ በትሕትና አሳስባለሁ። የትኛው እንደሚቀር ሰልፈኛው ይምረጥ።