ውሃ ግብር አይከፍልም

ሰኞ፣ ሰኔ ፲፰

ገመዱን በገጀራ በጠሱት። ድንጋዩ ወርቁን ከቅንድቡ በላይ አገኘው። ገመድ ያዤ ነው፣ ምን በደለ? ቢቸና ክሊኒክ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ውስጥ እየሰፉት ነው፤ ጩኸቱ ይሰማኛል።

ሐይቁን ባሕር ይሉታል እንጂ መሀሉ ላይ ቢቆሙበት ከደረት አያልፍም። ክረምት ላይ ንፋስ ሲነሳ ግን ውሃውን ሰብስቦ መንደሩ ላይ ይደፋዋል። አምና ቤት ወሰደ፣ ሰው ወሰደ። የሞጣው መሥሪያ ቤታችን ውሃውን የሚመልስ የአፈር ክትር ሊሠራ ነው። የት? እሱን የሚናገረው የኔ ሒሳብ ነው። ሐይቁን ወረቀት ላይ እንደ መረብ በካሬ ከፋፍዬ፣ የአንዱን ካሬ ውሃ ከጎረቤቶቹ እያሰላሁ ነበር። ግን ዳርቻው ጠማማ ነው። ካሬዎቼ ደረጃ አስመሰሉት፤ ውሃውም ደረጃውን እየተጋጨ ወዳልሄደበት ይሄዳል። ካሬው ይቅር፤ ሦስት ማዕዘን ይሁን! መሀሉ ላይ ሰፋ ያለ፣ ዳሩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ። ለዚህ ደግሞ ዳርቻውን መለካት አለብኝ። ችካል ተከልን፣ ገመድ ዘረጋን።

መሬት በቀላድ ለክቶ ግብር መጣል እንደ ሞት በሚጠላበት በጎጃም፣ ችካልና ገመድ! እዚሁ ተወልጄ ምን ነካኝ?

የመንደሩ አለቃ ግራዝማች አድማሱ ጠመንጃቸውን ይዘው ወረዱ። «በርስታችን ቀላድ የጣለ ከነገመዱ ይቀበራል!»

«ቀላድ አይደለም፣ የምለካው ውሃውን ነው።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የደብረ ወርቅ ነኝ፣ የመሪጌታ ልጅ።»

«አዬ ጉድ! የመሪጌታ ልጅ ለግብር ሰብሳቢ ገመድ ይጎትታል!» ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ድንጋዩ ዘነበብን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፲፱

አለቃዬ ከሞጣ በስልክ ጮኸብኝ። «ክረምቱ ገባ እኮ! ፖሊስ ይዘህ ጨርስ!»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። የትናንቱን ሳቅ አልረሳሁትም።

ወርቁ በፋሻው ሥር ባንድ ዓይኑ አየኝ። «ኢንጅነር፣ ከፖሊስ ጋር ከሄድክ በቃ፣ በእውነት ቀላድ ሆነ» አለኝ። ቁስሉ ነው የሚያናግረው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ ፳፩፣ ማርያም

ትናንት አልጻፍኩም። እጄ ታስሮ ነበር።

ሁለት ፖሊሶች ይዤ ሄድኩ። ሰዉ ሲከበን አንደኛው ለማስፈራራት ተኮሰ። ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት ይል ይሆናል፤ ጥይቱ ግን የግራዝማችን ልጅ፣ ሙሉን፣ ጭኑ ላይ መታው። ሲያርስ ነበር፤ እርፉን እንደያዘ ወደቀ፤ በሬዎቹ ደንብረው ጎተቱት። ያን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም። ፖሊሶቹ ሮጡ። እኔን ጭቃው ያዘኝ። ዱላ በጀርባዬ፣ ዱላ በትከሻዬ። ድንኳኔን አቃጠሉ፣ ችካሎቼን ማገዱ፣ የሒሳብ መኪናዬን በመጥረቢያ ከሰከሱ። በራሴ ገመድ ዋንዛ ላይ አሰሩኝ።

ግራዝማች ከእሳቱ የተረፈውን ካሬ ካሬ ወረቀቴን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ልጃቸው ቤት ውስጥ ያቃስታል። «ይኸ መረብህ» አሉ፣ «ያምናው ውሃ በየት ገባ ይላል?»

«በቤተ ክርስቲያኑ በኩል።»

ጠመንጃቸውን አንስተው ደረቴ ላይ ደገኑ። «ውሃው የወሰደው የኔን ቤት ነው። እህቴን ከነአልጋዋ ነው የወሰዳት። መረብህ ውሸታም ነው!»

«ውሸታም ነው፣ ግራዝማች። እኔም የመጣሁት እሱን ላቃና ነው።»

አልተኮሱም።

ዛሬ ማለዳ ወርቁ መጣ፤ ራሱ በፋሻ ተጠምጥሟል። ቁስል የሚያክመውን ድሬሰር ከቢቸና፣ ቄሱንም ከነመስቀላቸው ይዞ ነው የመጣው። የሙሉ ጥይት ወጣለት። «ግራዝማች፣ እናንተ እኔን ፈነከታችሁ፣ እኛ ልጅዎን አቆሰልን» አላቸው ወርቁ። «ሦስተኛ ደም አንጨምር።»

ቄሱ መስቀሉን በመሀላችን ያዙ። ግራዝማች መስቀሉን ተሳልመው ፈቱኝ። «ውሃውን ለካ። ውሃ ግብር አይከፍልም። ገመድ ይዘህ ደረቅ መሬት ብትረግጥ ግን...» ጠመንጃቸውን አቀባበሉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ ፳፫

ትናንት ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ። ገመዱን ቀጠልነው፤ ቋጠሮ የበላውን ከልኩ ቀነስኩ። አልቅት እግሬን ጨረሰው። ጎረምሶቹ ከዳር ሆነው አጠገባችን ድንጋይ ይወረውራሉ። «ኢንጅነር፣ ዓሣ ያዝክ?» አንዱ ድንጋይ ጆሮዬን ጨርፎ አለፈ፤ ወርቁ ገመዱን አልለቀቀም።

ግን ምን ሆነ! ደረቁን ስለተከለከልኩ የውሃውን ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው የሄድኩት። ሦስት ማዕዘኖቼ ዳርቻውን እንደ ስፌት ተከትለውት ቁጭ! ደረጃው ጠፋ። የሒሳብ መኪናው ስለሌለ ዛሬ ቄሱ ቤት በእጄ ስደምር ዋልኩ። ያምናውን ንፋስ አስገባሁበት። ውሃው ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ በጉድባው በኩል ዞረና ቀጥ ብሎ ግራዝማች ቤት!

እልል ልል አፌን ከፍቼ ሙሉ ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። ደግሞ ሌላም አለ። ክትሩ የሚያርፈው በግራዝማች የጤፍ ማሳ ላይ ነው። ደረቅ መሬት። በገመድ የሚለካ።

ሰኞ፣ ሰኔ ፳፭

ነገርኳቸው። ወርቁ ከኋላዬ ቆሟል።

«የኔን ማሳ?»

«አዎ፣ ግራዝማች።»

ሰዉ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አለ። ግራዝማች ሐይቁን አዩት። ንፋሱ ተነስቶ ውሃው መጥቆር ጀምሯል።

«አሁንስ መረብህ ይዋሻል?»

የለም ልል ነበር። «ካምናው ያነሰ ይዋሻል» አልኩ።

ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው የገመዱን ጫፍ ከወርቁ እጅ ነጠቁ። «በርስቴ ላይ ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ስንዝር ብታሳልፍ አንተን አያድርገኝ።»

ወደ ማሳው ገቡ። እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ እከተላለሁ። ሰዉ ድንጋዩን ይዟል እንጂ አልጣለም፤ አልወረወረምም።

ሙሉ እግሩ በፋሻ እንደታሰረ በር ላይ ተደግፎ ያያል። ይረግመኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አባዬ» አለ፣ «ገመዱ ረገበ እኮ፤ ሳብ ያድርጉት!»

ሳቡት። ስበቱ እኔ ጋ ደረሰ።