የማርያም ማኅበር ጽዋ

ይድረስ ለልጄ ለደምሴ፤ የመንገድ ሥራው እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ በረታ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

ገብሱ ታጭዷል። ደብረ ታቦር ግን ተስቦ ገብቷል። የጣሊያን ሐኪም «አትሰብሰቡ» ስላለ እዚህ ሰው መሰብሰቡ አርበኝነት መስሎታል። ባለፈው የማርያም ማኅበር ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር፣ በትኩሳት የምትንቀጠቀጠው ጎረቤታችን ወርቅነሽ ጠጥታ አቀበለችኝ። አልጠጣም አልሁ።

«እትዬ፣ ማርያምን ናቁ እንዴ?»

«ማርያምንስ አልናቅሁም፤ አንቺ ግን ቤትሽ ገብተሽ ተኚ» አልኋት።

ሴቱ ሁሉ ሲያጉረመርም ሚስትህ ጌጤ አፍራ፣ «የእናቴን ድርሻ እኔ እጠጣለሁ» ብላ ጨለጠችው። ማን ጠየቃት?

ይኸው ከተኛች አምስት ቀኗ ነው። ድካም ነው ትላለች። እህሉን እኔ እፈጫለሁ። ልብሷን ቀቅዬ አጠብሁ፤ ጠጉሯንም ይቅለላት ብዬ ላጨኋት። አንተ ሥራህን አትተው። ግን አለቃህ ቢለቅህ እምቢ አትበል።

ሌላ ጊዜ ሰላምታዋን ስታስጽፈኝ፣ በስተርጅና ፊደል የቆጠረው እጄ እስኪዝል ነበር። ዛሬ የምትለው አልሰማ ስላለኝ እኔው እያስታወስሁ ጻፍሁላት፤ ሰላም ለዓይንህም፣ ለእጅህም፣ ለጤናህም ብላሃለች።

ማርያም በደኅና ታገናኘን።

እናትህ ፈንታነሽ