የጋሽ ልኬት ሕይወት፣ ከቀጭኗ ፎቶ ጋር

ጋሽ ልኬት ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው የእንጨት መሥሪያ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሆን ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት እህትና ይህን ጽሑፍ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ተወልደዋል። የመዝገብ ስማቸው ሌላ ነው። ነገር ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ቢኖር ዘወር ብለው አያዩም ነበርና፣ እዚህም ሰው ሁሉ በሚያውቃቸው ስም እንጠራቸዋለን።

በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ያለችው ፎቶ ቁመቷ ስንዝር፣ ስፋቷ ሦስት ጣት መሆኑን አይታችሁ አታሚው ያበላሻት እንዳይመስላችሁ። በትከሻቸው ላይ ያረፈው እጅ የማን ነው የምትሉም ትኖራላችሁ። ሁሉም በቦታው ይነገራል።

ልጅነታቸው በልኬት መሐል ነው ያለፈው። አባት እንጨት ላይ በእርሳስ ያሰምራሉ፤ እናት ሜትሩን አንገታቸው ላይ አጥልቀው የሰው ትከሻ ይለካሉ። "ሳይለካ የቆረጠ ሲቀጥል ይኖራል" የሚለው የአባታቸው አነጋገር ነበር። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲከታተሉ በእጅ ጽሑፋቸው ማማር መምህራን ያደንቋቸው ነበር። አባታቸው ከሰው ቤት ጣሪያ ላይ ወድቀው ባረፉ ጊዜ ግን ደብተራቸውን አጥፈው መጋዙን አነሱ። ለስምንት ዓመት በአናጺነት ቤተሰቡን አስተዳደሩ። እህታቸውን እስከ መጨረሻው አስተማሩ። ታናሽ ወንድማቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ለዚህ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በቀብር ቀን አይነሳም።

በ1967 ዓ.ም. በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአንድ አሳታሚ ድርጅት የጥረዛ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ያለው በሕንጻው ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ጋሽ ልኬትም የላይኛውን ፎቅ ሰዎች ከፊታቸው በፊት በጫማቸው ነበር የሚለዩዋቸው። አምስት ዓመት ክር ሰፍተው፣ ሙጫ ቀብተው፣ በመጨረሻ የወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ቆሙ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከዚያ አልተነሡም።

ለማታውቁት፣ መጽሐፍ ከተሰፋና ከተጣበቀ በኋላ ከላይ፣ ከታችና ከፊት ሦስት ጎኑ ይቆረጣል። የማሽኑ ቢላዋ የሰው ክንድ ያህላል። የሚወርደው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ እኩል ሲጫኑ ብቻ ነው፤ አንድ እጅ ከሥሩ እንዳይቀር ተብሎ ነው። ቢሆንም ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሁለት ቆራጮች አንዱ በስምንት ጣት፣ ሌላው በዘጠኝ ጣት ነው ጡረታ የወጡት። ምድር ቤት ውስጥ "ቆራጭን ስትጨብጥ ጣቱን ቆጥረህ መልስለት" ይባል ነበር። ጋሽ ልኬት አሥሩንም ይዘው ከማሽኑ ወረዱ፤ አሥሩንም ይዘው ዛሬ ወደ አፈር ይገባሉ።

ምልክት ከሌለ አይቆርጡም፤ ምልክት ካለ አይከራከሩም። አንድ ደራሲ መጽሐፌ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥልኝ ብሎ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ቢለምናቸው፣ "ወንድሜ፣ ልኬት ልኬት ነው። የኔም ያንተም ፈቃድ እዚህ ውስጥ የለበትም" አሉት። ስሙ የወጣላቸው ያን ቀን ነው።

በሠላሳ ዓመታቸው ከሁለተኛው ፎቅ አራሚ ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት በብጣሽ ወረቀት ነው። ጋሽ ልኬት ከመጽሐፉ ጎን ተቆርጦ የሚወድቀውን ቀጭን ብጣሽ ይሰበስቡ ነበር። ገጽ ተዛብቶ ባገኙ ቁጥር በዚያ ላይ ጽፈው ወደ ላይ ይልካሉ፤ አራሚዋ ደግሞ የመልእክቱን ፊደል በቀይ እርሳስ አርመው ይመልሱላቸዋል። ስለ ገጽ ተጀምሮ ስለ ሌላም ሆነ። ሦስት ወር ሙሉ ሲታረሙ ከርመው፣ አንድ ቀን የላኩት ብጣሽ ቀይ ሳይነካው ተመለሰ። በጀርባው "ስሕተት የለበትም" ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያው ዓመት ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ጋሽ ልኬት አርባ አራት ዓመት ሲሆናቸው አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና "የላቀ አፈጻጸም ላስመዘገቡ የሥራ ቡድኖች ዕውቅና የመስጠት ፕሮግራም" የሚባል ነገር ተጀመረ። በየዓመቱ መጨረሻ አዳራሹ ይሞላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቡድን ይጠራል፣ ይጨበጨባል። የባለቤታቸው የእርማት ቡድን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሦስት ጊዜ ተሸለመ። ይገባቸዋል፣ እሱን የሚክድ የለም። ባለቤታቸው ሦስቱን የምስክር ወረቀት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በተርታ ሰቀሉ። ከሦስተኛው ጎን አራተኛ ሚስማር መቱና "ይሄ ያንተ ነው" አሏቸው።

"ምስክር ወረቀት ደረጃ መውረድ አይችልም፤ ይወድቃል" ብለው ጋሽ ልኬት ሳቁ።

ሚስማሩ ለዓመታት ባዶውን ኖረ። ቤቱ ቀለም ሲቀባ እንኳ ባለቤታቸው አላስነቀሉትም። ጋሽ ልኬት ምንም እንዳልመሰላቸው ይናገሩ ነበር፤ ነገር ግን ከሥራ ገብተው ሲቀመጡ ሁልጊዜ ለዚያ ግድግዳ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። የሆዳቸውን በሆዳቸው የሚይዙ ሰው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመመሪያው ላይ ጥረዛ "ቡድን" አልነበረም፤ "ደጋፊ ክፍል" ይባላል። ታናሽ ወንድማቸው ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ የተሸከመበት መጋዘን ደግሞ ከደጋፊም አልተቆጠረም። ያልተጠረዘ መጽሐፍ እንዴት አድርጎ መጽሐፍ እንደሚሆን የሚመልስ አልተገኘም። ታናሽ ወንድማቸው አስተዳደሩን ጠይቆ ነበር። "ቅሬታ በጽሑፍ ነው" አሉት። በጽሑፍ በኩል ደካማ መሆኑን እያወቁ ነው እንዲህ ያሉት።

በ1999 ዓ.ም. አርባ ሺህ የተማሪ መጽሐፍ ጠማማ ታትሞ መጣ። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነና፣ መጽሐፉ ይጣል ተብሎ ተወሰነ። ጋሽ ልኬት አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙትና "አይጣልም" አሉ። ጠማማነቱ በየክምሩ ይለያይ ስለነበር እያንዳንዱን ክምር ለየብቻ ለኩት፤ ጠማማውን ከመሰሉ ጋር አሰልፈው ቆረጡት። ስምንቱ የጥረዛ ሠራተኞችና ከመጋዘን በውሰት የመጣ አንድ ተሸካሚ፣ ማለትም ታናሽ ወንድማቸው፣ ዘጠኝ ሆነው በአሥራ ዘጠኝ ቀን ጨረሱ። በእነዚያ ቀናት የጋሽ ልኬት ዓይን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ትምህርት ሲከፈት መጽሐፉ ደረሰ። አንድም ተማሪ ገጹ ጠማማ ነው አላለም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ጥረዛ ለመጀመሪያ ጊዜ "ቡድን" ተብሎ ተጠራ። የሰው ስም አልተጠራም፤ የተጠራው የቡድኑ ስም ነው። መመሪያው ተለውጦ ስለነበር የምስክር ወረቀት ቀርቷል። ለቡድኑ አንድ ዋንጫ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ የቡድኑ ፎቶ የሚወጣበት የድርጅቱ መጽሔት ይሰጣል ተባለ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ በገጹ ልክ ፍሬም አሠርተው ለአራተኛው ሚስማር አዘጋጁ። ዘጠኙም መድረክ ላይ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ዋንጫውን ይዞ በቀኝ በኩል ቆመ። ጋሽ ልኬት እንደ ልማዳቸው ግራው ጫፍ ላይ ሄዱ፤ ከጎናቸው የቆመው ታናሽ ወንድማቸው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሔቱ ታትሞ ለመቆረጥ ምድር ቤት ወረደ። ፎቶው ገጹን ሞልቶ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይደርሳል። የመቁረጫው ምልክት ግን የተሰመረው ከጫፉ ሦስት ጣት ገባ ብሎ ነው። ከምልክቱ ወዲያ የቀሩት ጋሽ ልኬት ብቻ ናቸው።

ቀድማ ያየችው ሙጫ ቀቢዋ ናት። "ጋሼ፣ ይቁሙ። ወደ ላይ ወጥተን እንንገራቸው" አለች።

ክር ሰፊው "አንቆርጥም በሏቸው። ምን ያመጣሉ?" አለ።

ጋሽ ልኬት ማስመሪያቸውን አስቀምጠው ለኩ። ደግመው ለኩ። በሥራ ዘመናቸው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲለኩ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው ይላል ክር ሰፊው። ከዚያ "ስንቱን ሰው በምልክቱ ስንቆርጥ ኖረን፣ ለራሳችን ሲሆን ልኬት ይለወጥ?" አሉና ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጃቸው ተጫኑ። ሦስት ሺህ ቅጂ ነበር። ቢላዋው በወረደ ቁጥር እሳቸው በብጣሽ በብጣሽ እየሆኑ ወለሉ ላይ ወደቁ። ሁሉንም ራሳቸው ቆረጡ፤ ማንንም አላስነኩም።

ታናሽ ወንድማቸው የሰማው በማግሥቱ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የገጹን ንድፍ የሠራውን ሰው ጠየቀ።

"ፎቶው ለገጹ ሰፋ። ከአንድ ወገን መቀነስ ነበረበት። በወዲያ በኩል ሥራ አስኪያጁ አሉ" አለው።

"በወዲህስ?"

"በወዲህ ማን ነበር?" አለ ሰውየው፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

ታናሽ ወንድማቸው ያን ጊዜ የተናገረውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ስለተናገረው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። ድርጅቱ በስሙ የጻፈለት ብቸኛ ወረቀት እሱ ነው።

ጋሽ ልኬት ግን አላመሰገኑትም። "ማን ላከህ? የተሸለመው ቡድኑ ነው፤ እኔ አይደለሁም" አሉት። እሱም "ራስዎን በገዛ እጅዎ ቆርጠው እኔን ይቆጡኛል" ብሎ ወጣ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። ሕንጻው አንድ፣ በሩ አንድ፣ ደረጃው አንድ ነበር።

ባለቤታቸው መጽሔቱ ቤት ሲደርስ ገጹን ብዙ ቆይተው አዩት። አራሚ ናቸውና፣ ከመሥመር ቃል ሲጎድል የሚያደርጉትን ምልክት በቀይ እርሳስ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ አድርገው መጽሔቱን ዘጉ። ፍሬሙን አልጋ ሥር አስገቡት። ሚስማሩ እንደነበረ ቀረ።

ጋሽ ልኬት በ2004 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ማሽኑን በጨርቅ ወልውለው፣ ማስመሪያውን ለሙጫ ቀቢዋ ሰጥተው ከማሽኑ ወረዱ። በዓመቱ ለታናሽ ወንድማቸው አንድ ብጣሽ ወረቀት በሴት ልጃቸው እጅ ላኩለት። የተጻፈበት "ና" የሚል ብቻ ነው። ሄደ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ እናታቸው ሜትር ተጫወቱ። ስለ ፎቶው ግን ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አሁን ላውራ ቢባል የሚሰማ የለም።

ዘመናቸውን ሁሉ የተነፈሱት የወረቀት ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በሳል ተሠቃዩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቀን ከቀን አልተለዩዋቸውም። ሐሙስ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የድርጅቱ አመራር የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ ምስጋና ይገባዋል። የተጻፈበት የመዝገብ ስማቸው ስለሆነ ግን ለሌላ ሟች የመጣ መስሎን ልንመልሰው ነበር።

መታወቂያቸው ሲፈለግ ከመሳቢያቸው አንድ ሣጥን ወጣ። ውስጡ ባለቤታቸው በቀይ እርሳስ ያረሟቸው የጥንቶቹ ብጣሾች በክር ታስረው ተገኙ። ከመሐላቸው ይህች ፎቶ ወጣች። ከሦስት ሺህ አንዷን አንስተው ኪሳቸው ከትተዋት ኖሯል። በጀርባዋ ምንም አልተጻፈባትም። ባለቤታቸው ፍሬሙን ከአልጋ ሥር አውጥተው አስገቧት። ሰፍቶባታል፤ የቀረው ነጭ ነው። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት አራተኛው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ጋሽ ልኬት ባለቤታቸውን፣ መምህርት ሴት ልጃቸውን፣ ሾፌር ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ይህን ወረቀት የቆረጡት የዛሬዎቹ የምድር ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከምልክቱ ውጭ ጠርዙን ሰፋ አድርገው ትተውታል። ጋሽ ልኬት ቢያዩት ይቆጡ ነበር።

በትከሻቸው ላይ ያረፈው እጅ የታናሽ ወንድማቸው ነው። ያን ቀን መድረኩ ላይ ፎቶ አንሺው ጠጋ በሉ ሲል እሳቸው ወደ ውጭ ፈቀቅ አሉ። እሱም "ወንድምጋሼ፣ አይሽሹ እንጂ" ብሎ ያዛቸው። በድርጅቱ መግቢያ ላይ በትልቁ ታትሞ የተሰቀለውን ያንኑ የተቆረጠ ፎቶ ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ ግራው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ምንም ሳይዝ ቆሟል። ይዞት የነበረው ሰው ይኸው እዚህ ነው።

የሁሉ ፈጣሪ በእሱ ዘንድ ጫፍ ላይ የሚቆም ሰው እንደሌለ ያሳያቸው። ነፍሳቸውን ከመሐል ያስቀምጥልን።